ሰማያዊዋ ጽጌረዳ በልብስ ገመድ ላይ

ምኮባ፣ ግዌሩ
ቅዳሜ ረፋድ

ውድ ሙቻኔታ፣

ዛሬ ጠዋት አበቦችሽን አጠብኳቸው። ለብ ባለ ውኃ፣ ጥቂት የዱቄት ሳሙና በጥብጬ፣ የቅጠሎቹን ጀርባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ልክ አንቺ ታደርጊው እንደነበረው። ከዚያ አንድ በአንድ በግንዳቸው እያያዝኩ ቁልቁል በልብስ ገመዴ ላይ ሰቀልኳቸው። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ቲቸር፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። ደኅና መሆኔን ነገርኳት፤ አላመነችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። እኔ ኡርሱላ ስለ ሰው ሠራሽ አበባ ምን እንደምል የማያውቅ በዚህ ሰፈር የለም፤ አንቺ ለሁሉም አዳርሰሻልና።

የምጽፍልሽ ስለ ቀብርሽ ልነግርሽ ነው። ፈርተሽው ነው የሄድሽው፤ እንዴት እንዳለፈ ሳልነግርሽ ብቀር ዕረፍት አላገኝም።

መጨረሻ የተጨዋወትነው በሆስፒታሉ መስኮት ሥር ነበር። ትራስሽን ሳስተካክል እጄን ያዝ አድርገሽ «እኔ ቀድሜ ከሄድኩ ጉድ ፈላ» አልሽኝ።

«የምን ጉድ?»

«ሳህዊራዬ አንቺ ነሻ። ሬሳዬ ፊት እንደ ትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሰልፍ ይይዛል። አንድ ሰው እንኳ ሳይስቅልኝ ልቀበር ነው፤ እንደ መንገደኛ።»

«ቄሱ አሉ፤ ይጸልዩልሻል።»

«ቄሱማ ለሁሉም ይጸልያሉ። እኔን ሆኖ የሚሰድበኝ ማን ነው?»

የሳህዊራን ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም፣ ታገሺኝ። አባትሽና አባቴ ሳህዊራ ነበሩ፤ እኛም ከእነሱ ወረስነው። በደም አንዛመድም፣ በጎሳ አንገናኝም። ነገር ግን በአንደኛችን ቤት ሞት ሲገባ የቤቱ አዛዥ ሌላይቱ ናት። ከዘመድ ቀድማ ትደርሳለች፣ ያዘነውን ትቆጣለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሟቹን ልብስ ለብሳ፣ አነጋገሩንና አካሄዱን ቀድታ ለቀስተኛውን ታስቃለች። ሳቅ ያልተሰማበት ቀብር የቤቱ ውርደት ነው። ሟቹን ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ነውና።

አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል። ባለቤቴ ቦኒፋስ የሞተ ጊዜ የባቡር ሠራተኛ ቆቡን ደፍተሽ፣ ፊሽካውን ባንገትሽ አንጠልጥለሽ፣ ወደ ግራ እያነከስሽ ከመኝታ ቤት ወጣሽ። ሰዓት ያላሰርሽበትን አንጓሽን አየት አድርገሽ «ይህ ሬሳ በሦስት ሰዓት መነሣት ነበረበት። ኃላፊው ማን ነው? ስሙን ልያዘው» አልሽና ፊሽካውን ነፋሽ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ አላለቀስኩም ነበር። መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅኩ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ተከተለ።

ይህን ማድረግ ለአንቺ እንደ መተንፈስ ነበር። ለእኔ ግን ያስተማሩኝ መነኩሲት ሲስተር ሂልትሩድ አሉብኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጥርሷን አሳይታ የሳቀች ልጅ ተንበርክካ ትውል ነበር። የቀሚሳችንን ጠርዝ በማስመሪያ ይለኩታል። ለመሠዊያው አበባ ስናመጣ ጠዋት የተቆረጠ፣ ጤዛው ያልደረቀ መሆን አለበት። «ለእግዚአብሔር ሕይወት የሌለው አበባ አይቀርብም» ይሉን ነበር። ይህን ይዤ ነው አድጌ፣ ተድሬ፣ አስተማሪ ሆኜ ከቤትሽ አጠገብ የገባሁት። በረንዳዬ ሥር መደብ አውጥቼ ዳሊያና ጽጌረዳ ተከልኩ። አንቺ ደግሞ ቀዩን የሲሚንቶ ወለልሽን በሰም እያሸሽ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፈሽ፣ ዳንቴሉ ላይ የምታስቀምጪው ነገር ትፈልጊ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አበቦችሽ የወጡት ከእኔ እግር ነው። በዚያን ጊዜ አስተማሪ ያለ ስቶኪንግ ክፍል አትገባም፤ ስቶኪንግ ደግሞ ወንበር በነካው ቁጥር ይተረተራል። «የፋራይ እናት፣ እንዳትጥዪው» ብለሽ፣ በልጄ ስም ጠርተሽኝ፣ ወሰድሽው። ቀጭን ሽቦ በጠርሙስ አንገት ላይ እየጠመዘዝሽ የአበባ ቅጠል ቅርጽ ታወጪያለሽ፣ ስቶኪንጉን ወጥረሽ ታለብሺዋለሽ፣ ሥሩን በክር ታስሪዋለሽ። በሻይ የተነከረው ቡናማ፣ በቀይ ሥር የተቀቀለው ሮዝ ሆነ። አንድ ቀን ከጠረጴዛዬ ላይ የቀለም ብልቃጤን አንሥተሽ ሄድሽ፤ በማግስቱ ጠርተሽ ሰማያዊዋን ጽጌረዳ አሳየሽኝ።

መነጽሬን አውርጄ አየኋትና «ሙቻኔታ፣ በፍጥረት ሰማያዊ ጽጌረዳ የለም» አልኩሽ።

«አሁን አለች» አልሽኝ።

ይህን ንግግሬን ከዚያ ቀን ጀምሮ መተዳደሪያሽ አደረግሽው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ፣ የሌለ መነጽር ወደ አፍንጫሽ ጫፍ ስበሽ፣ አገጭሽን ቀና አድርገሽ «በፍጥረት፣ ሰማያዊ፣ ጽጌረዳ፣ የለም» ትያለሽ፤ እያንዳንዷን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምትቸነክሪ ሁሉ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። እንግዳው ይስቃል። አልከፋም ነበር። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንዴ እንግዳ ይዘገይና «ዛሬ ሳትለው ልትቀር ነው?» እያልኩ እጠብቅሽ ነበር።

ከዚያ የዳንቴል ንግድሽ መጣ። በክረምት የሠራሽውን የጠረጴዛ ልብስ ተሸክመሽ ጆሃንስበርግ ትወርጃለሽ፤ ስትመለሺ ከሻንጣሽ ዚፕ ጉሮሮ አበባ ብቅ ብሎ ይታያል። ሌላው ሴት ብርድ ልብስና ድስት ይዛ ስትመጣ አንቺ ክንድ የሚያህል ከሐር የተሠራ የሱፍ አበባ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ የፕላስቲክ ሐረግ ትሸከሚያለሽ። ድንበር ላይ የጉምሩኩ ሰው «እናቴ፣ አበባ ማስገባት ክልክል ነው፤ በሽታ ይዞ ይመጣል» ሲልሽ «እስኪ አሽትተው» ብለሽ አፍንጫው ሥር ያቀረብሽለት ጊዜ አብሬሽ አልነበርኩም፤ ግን ስንት ዓይነት አድርገሽ ስለነገርሽኝ የሰውየውን ጢም ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ሳሎንሽ ውስጥ መቀመጫ የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ አበባ፣ ቡፌው ላይ አበባ፣ መጋረጃው ላይ ሐረግ። «የቼናይ እናት፣ እዚህ ቤት ዝንጀሮ ብቻ ነው የቀረው» ብልሽ «አንቺ መጣሽ አይደል» አልሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሁሉም ይወርዳል፣ በሳፋ ይታጠባል፣ ከወጥ ቤቱ ጥግ እስከ ማንጎው ዛፍ በተወጠረው የልብስ ገመድ ላይ ቁልቁል ይሰቀላል። የአትክልት ቦታ ተገልብጦ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ልጆቹ ከሥሩ እየተሽሎኮሎኩ ጠብታውን በምላሳቸው ይቀበላሉ፤ ሳሙና መሆኑን እያወቁ።

ቦኒፋስ የሞተው ዝናብ በቀረበት ዓመት ነበር። ውኃ በቱቦ ማጠጣት ተከልክሎ መደቤ ዓመድ ሆኗል። በቀብሩ ጠዋት በሩን ስከፍት አንቺ ተንበርክከሽ የጆሃንስበርግ አበቦችሽን በደረቀው አፈር ላይ እየተከልሽ አገኘሁሽ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለቀስተኛ ባዶ አፈር እያየ አይገባም።»

«ሙቻኔታ፣ ንቀያቸው።»

«ዝናብ ሲመጣ እነቅላቸዋለሁ።»

ያን ዓመት ሁሉ እዚያ ቆሙ። ፀሐይ አነጣቸው፣ ዶሮ ከሥራቸው እንቁላል ጣለች። ዝናቡ በመጣ ሳምንት ከአሮጌው ጉቶ የጽጌረዳዬ ቀይ ቡቃያ ብቅ አለ። እየጠቆምኩ «አየሽ፣ ሕይወት ያለው ተመልሶ ይመጣል» አልኩሽ። አንቺ አበባሽን ከጭቃው እየነቀልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ «የእኔስ መቼ ሄደና» አልሽ።

ይህን ክርክር ማን እንዳሸነፈ እስካሁን አስባለሁ።

አሁን ወደ ቀብርሽ ልምጣ። ልጅሽ ቼናይ ከጆሃንስበርግ ደርሳ ሁሉን በሥርዓት አደረገች። ድንኳኑ ነጭ፣ ወንበሩ ነጭ፣ በባልዲ የመጣው ትኩስ አበባ ነጭ። እንደ ወጉ ለሬሳው ቦታ እንዲሆን የሳሎኑ ዕቃ ወጣ። አበቦችሽ በበቆሎ ዱቄት ጆንያ ተጠቅጥቀው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የቆሻሻው በርሜል አጠገብ ተጣሉ። ልጅሽ እኔን ለማስደሰት ብላ «እማማ ኡርሱላ፣ እርስዎ እንኳ ደስ ይበልዎት፤ ያንን አቧራ ማጠራቀሚያ አስወገድኩት» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ጠዋት ሣጥንሽ ሳሎኑ መካከል ሆነ። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ በረንዳው ላይ ናቸው። የቤቱ ምራቶች እኔን ይጠብቃሉ። ቀሚስሽን አለበሱኝ፣ ሻሽሽን አሰሩልኝ፣ ወደ መሃል ገፉኝ። እኔም ቆምኩ። እንደተናገርሽው ቀጥ ብዬ፣ እጄን ከፊቴ አጣምሬ። ሕፃን ሲያስነጥስ ተሰማ። ሴቶቹ ጀርባቸውን አቃንተው ተቀመጡ፤ አንዷ የቀሚሷን ጠርዝ ወደ ጉልበቷ ሳበች።

የባልሽ ወንድም በበሩ ብቅ ብሎ «ይሄ ለቅሶ ነው የፈተና ክፍል?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ በእኔ እንጂ በአንቺ አልነበረም። ያ ሳቅ አይቆጠርም። በኋለኛው በር ወጣሁ። ለመደበቅ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጆንያው አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ከአፉ ሰማያዊዋ ጽጌረዳ ብቅ ብላለች። ሳብኳት። በስቶኪንጉ ክር መሃል አቧራ ተኝቶባታል፤ አንቺ ሆስፒታል ከገባሽ ጀምሮ የነካት የለም። እናም በሐዘኔ መሃል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ አበቦቹ ደግሞ አልታጠቡም። ሥራ በሰዓቱ አለመሠራቱን ችዬ ማየት አልችልም፤ ያሳደጉኝ እንዲህ ነው። ሳፋሽን አነሣሁ፣ የበቆሎ ገንፎውን ሳድዛ ከሚያበስሉት ላይ ሙቅ ውኃ ወሰድኩ፣ ሳሙና በተንኩበት፣ ጆንያውን ገለበጥኩ፣ ግቢው መካከል ተንበርክኬ ማጠብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሳድዛ የምታማስለዋ ማማሰያዋን ይዛ መጣች። ከዚያ ምራቶቹ። አንዲቷ ልታግዘኝ ጎንበስ ብላ አንዱን አበባ ስትነካ፣ ከእኔ አፍ የአንቺ ድምፅ ወጣ።

«እጅሽን ሰብስቢ። እሱ የጆሃንስበርግ ነው።»

ልጅቷ ደንግጣ ለቀቀችው። ከዚያ ከበረንዳው አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ማቆም አልቻልኩም። «አትጭመቂው፣ የባልሽ ካልሲ መሰለሽ? በግንዱ፣ በግንዱ ያዢው። ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ፣ አበባ አይተሽ አታውቂም? አዎ አታውቂም፣ እናንተ ቤት ያለው ሽንኩርት ነው።» ምን ብዬ ስንቱን እንደሰደብኩ አላስታውስም። ወለሉ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ወጣ፤ ሣጥንሽ ለብቻው ቀረ፤ አውቃለሁ፣ በመስኮቱ ትሰሚ ነበር።

አንዲት አሮጊት «ሰማያዊዋንስ? ሰማያዊዋን አምጪያት» ብላ ጮኸች።

የሚመጣውን ሁሉም ያውቅ ነበር። ተነሣሁ። አንቺን ለመሆን፣ እኔን ስታስመስዪ የነበርሽውን አንቺን መሆን ነበረብኝ። ስለዚህ የራሴን መነጽር ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አወረድኩ፣ የራሴን እጅ ወገቤ ላይ አኖርኩ፣ የራሴን አገጭ ቀና አደረግኩ፤ ግን በአንቺ አኳኋን፣ ዳሌን ወደ ጎን ወርወር አድርጎ። «በፍጥረት» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩት አልተሰማም። ግቢው ሙሉ አብሮኝ አለው። ወንዶቹ አጥር ይዘው ጎበጡ። የባልሽ ወንድም ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እኔም ሳቅኩ፣ ሙቻኔታ። ጥርሴን አሳይቼ።

አበቦቹን በገመዱ ላይ ሰቀልናቸው። ሣጥኑ ሲወጣ ቼናይ «ገመዱ ይውረድ እንጂ፤ እንዴት ያልፋሉ?» አለች። ሳህዊራ ነኝና አዘዝኩ፤ «ገመዱ አይነካም፣ ጎንበስ ብለው ይለፉ።» ተሸካሚዎቹ ጎነበሱ። ቄሱ ጎነበሱ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች ሰማያዊ ካባቸውን ሰብስበው ጎነበሱ። ከአበቦቹ የሚንጠባጠበው የሳሙና ውኃ ቄሱ ከረጩት ጸበል ይልቅ ሣጥንሽን አራሰው። ልጅሽ ይህን ስታይ በተደፋው ሳፋ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ከዚያ እዚያው እንደተቀመጠች እናቷ እንደሞተችባት ልጅ አለቀሰች። አልቆጣኋትም።

ዕቃሽ ለዘመድ በተከፋፈለበት ቀን ሳህዊራ ምን ትፈልጋለች ተብዬ ተጠየቅኩ። ብርድ ልብሱን እንደምወስድ ሁሉም ገምቷል። «አበቦቹን» አልኩ።

ቼናይ ዓይኗን አፍጥጣ «ሁሉንም?» አለች።

«የምፈልገው ሰማያዊዋን ነበር፤ ግን ብቻዋን ይደብራታል።»

ልትመለስ ስትል ልትሰናበተኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን ስትነካካ ቆየችና «አሁን እንግዲህ የእርስዎ ሳህዊራ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ወርሰሻል፤ ምርጫ የለሽም።»

«እማማ ኡርሱላ፣ እኔ ሰው ማሳቅ አልችልም። እንኳን በለቅሶ፣ በሰርግም አልችል።»

«እኔም አልችልም ነበር» አልኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ግን ሄዳ እስክትጠፋ ድረስ አልለቀቃትም። ደግሞም ጆሃንስበርግ ሩቅ ነው። ያን ምሽት የአንቺን ፍርሃት እኔ ወረስኩት። እንደ መንገደኛ መቀበር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቼናይ ለፋሲካ መጣች። ሳድዛና ጎመን እያቀረብኩ ሳለ ከሳሎኑ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ድምፅ። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ ድምፄ ሳሎን ነው። ሳህኑን ይዤ በበሩ ጥግ ቆምኩ። ቼናይ በቡፌው መስታወት ፊት ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አበቦችሽ በግራና በቀኝ እያዩዋት፣ «በፍጥረት ሰማያዊ ጽጌረዳ የለም» ትላለች። አይሆንላትም፤ ትደግመዋለች። እንደገና ትደግመዋለች።

ፈጥና ነው የምትለው። እኔ እንዲያ አልፈጥንም። ደግሞ አገጩን ረስታዋለች። ታግሼ ታግሼ አልቻልኩም፤ ገባሁ። ደንግጣ እጇን አወረደች።

«መልሺው» አልኳት። «እጅሽን ወገብሽ ላይ መልሺ። መነጽር ጨምሪበት፤ ያለ መነጽር እኔን አትሆኚም። እያንዳንዱን ቃል ለይተሽ ተናገሪ። በፍጥረት። ትንፋሽ ውሰጂ። ሰማያዊ።»

ሳድዛው እስኪቀዘቅዝ አስጠናኋት። ማታ ስትሰናበተኝ የሳቀችው ሳቅ የአንቺ ነበር።

እንግዲህ ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት። እንደ መንገደኛ አልተቀበርሽም፤ እኔም አልቀበርም። አበቦቹ አሁን ደርቀዋል፣ ላወርዳቸው ነው። ሰማያዊዋ ብቻ ገና እርጥብ ናት፤ ስቶኪንግ ውኃ ይይዛል። ዳርዳሯ እየነጣ ስለሆነ የቀለም ብልቃጥ ገዝቼ ልነክራት አስቤአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መታጠባቸው አይቀርም፤ በዚህ እመኚኝ። ሆኖም በፍጥረት ሰማያዊ ጽጌረዳ የለም። ይህን እስክሞት ድረስ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቼናይ ትልልኛለች።

ሳህዊራሽ፣
ኡርሱላ